1,024ኛዋ ጠርሙስ ለምን ትፈሳለች? ከአዳማ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ በረኪና ይመረታል። ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ሁለት በርሜል፣ አንድ ፓምፕ፣ ባለ ሁለት አፍ መሙያ ማሽንና ጥቂት ሠራተኞች ናቸው። ማሽኑን የሠራው እዚያው ሰፈር ያደገ ወጣት ነው። ብየዳውንም፣ ቦርዱንም፣ ፕሮግራሙንም ብቻውን ነው የተወጣው።

ማሽኑ ደህና ይሠራል። ሁለቱ አፎች አይጠባበቁም። አንዱ ሞልቶ ሲዘጋ ሌላው ገና መሀል ላይ ነው፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይውላሉ። ችግሩ፣ አልፎ አልፎ አንዷ ጠርሙስ ልኳን አልፋ ትሞላና በአንገቷ ትፈሳለች። ውሃ ቢሆን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በረኪና ግን የነካውን ልብስ ነጠብጣብ አድርጎ ይተዋል፣ እጅ ያቃጥላል፣ ሽታው ጉሮሮ ይይዛል። የማምረቻው ባለቤት የሆኑት ሴትዮ ተማረሩ።

መጀመሪያ የተጠረጠረው እንደተለመደው በዓይን የሚታየው ነገር ነው። ቫልቩ ዘግይቶ ይዘጋ ይሆናል ተባለና ተቀየረ። ሪሌዩም (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው) ተቀየረ። ቱቦው አየር ይዞ ይሆናል ተባለ። የአዳማ አቧራ ሴንሰሩ ውስጥ ገብቶ ነው ያለም አልጠፋም። ይህ ሁሉ ሆኖ ጠርሙሷ መፍሰሷን አልተወችም።

ፍንጩ የተገኘው ማሽኑ ላይ ከምትሠራው ልጅ ደብተር ነው። «ጠርሙሱን አጣመሽ እያስቀመጥሽ ነው» መባሉ ስለመረራት፣ በፈሰሰ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለውን የምርት ቁጥር ትጽፍ ነበር። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም፤ ይኸው ቁጥሩ» ብላ ደብተሩን ዘረጋችው። እንዲህ ይላል፦ 6,417፣ 7,441፣ 8,465፣ 10,513።

እስቲ አንዱን ካንዱ ቀንሱት። 1,024፣ 1,024፣ 2,048። ፕሮግራም የጻፈ ሰው ይህን አይቶ ቫልቭ መቀየሩን አይቀጥልም። ቫልቭ እስከ 1,024 መቁጠር አያውቅም።

ማሽኑን ከሠራው ልጅ ጋር ኮዱን ከፈትነው። ማሽኑ ላይ ያለው ቦርድ ብሉ ፒል የሚሉት ሰማያዊው ትንሽ ቦርድ ነው። ቺፑ ኤስቲኤም32 ኤፍ103 ነው፦ ኮሩ (ፕሮሰሰሩ) ኮርቴክስ ኤም3፣ ፍጥነቱ 72 ሜጋ ኸርዝ፣ ፍላሹ (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት፣ መብራት ሲጠፋም የማይረሳው ማከማቻ) 64 ኪሎ ባይት፣ ራሙ (መብራት ሲጠፋ ባዶ የሚሆነው የሥራ ማከማቻ) 20 ኪሎ ባይት። ፍላሹ ከሄክስ (በመሠረት 16 የተጻፈ) አድራሻ 08000000 ይጀምራል፤ ራሙ ከ20000000። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ከፍሰት ሴንሰሩ ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) በመጣ ቁጥር ኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ እንዲያስተናግደው የሚጠራ ጥሪ፣ ይነሳል። ሴንሰሩ በሊትር 450 ገደማ ፐልስ ስለሚሰጥ አንድ ፐልስ ማለት 2.2 ሚሊ ሊትር ነው። የኢንተራፕቱ ፈንክሽን (ለዚህ የተጻፈው የኮድ ቁራጭ) ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ሲደርስ ቫልቩን ይዘጋል። ዋናው ሉፕ (ያለማቋረጥ የሚደጋገመው የፕሮግራሙ አካል) ደግሞ ጠርሙሱ መሙላቱን አይቶ 8 ባይት የሆነች መዝገብ ፍላሹ መጨረሻ ላይ ይጽፋል። መብራት ቢጠፋ የቀኑ ምርት አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ለዚህ የተከለለው 8 ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ 1 ኪሎ ባይት። 8,192 ለ8 ሲካፈል 1,024። ቦታው ሲሞላ ፕሮግራሙ ስምንቱንም ገጽ አከታትሎ ይደመስስና እንደገና ከላይ ይጀምራል።

ልጁ ይህን ሲያይ አልተዋጠለትም። «ጋሼ፣ ደምሳሹ እኮ ዋናው ሉፕ ነው። ኢንተራፕት ደግሞ ሉፑን አቋርጦ ይገባል። ታዲያ ቆጠራው ለምን ይቆማል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አርዱኢኖ በሚባለው ሌላ ቦርድ ቢሆን ኖሮ ቆጠራው በእርግጥም አይቆምም ነበር። የዚህ ማሽን የመጀመሪያው ትውልድ በአርዱኢኖ ኡኖ የተሠራ ነው። ኡኖ ላይ ያለው ኤቲሜጋ328 ለመረጃ ብቻ የተለየ 1 ኪሎ ባይት ኢኢፕሮም (መብራት ሲጠፋም የማይረሳ ትንሽ ማከማቻ) አለው። እዚያ ላይ አንድ ባይት መጻፍ ከ3 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ግን ፕሮግራሙ ከሌላ ቦታ ስለሚነበብ ሥራው አይቋረጥም። ኤፍ103 ግን እንዲህ ያለ ኢኢፕሮም የለውም። መረጃ ማስቀመጥ የፈለገ ሰው የሚጽፈው ፕሮግራሙ ራሱ በተቀመጠበት ፍላሽ ላይ ነው። ነገሩ የተበላሸው ኮዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር ነው፤ ኮዱ አልተለወጠም፣ ከሥሩ ያለው ሃርድዌር ግን ተለውጧል።

ኤፍ103 ፍላሹ ላይ ሲጽፍ ወይም ሲደመስስ፣ ከዚያው ፍላሽ ለማንበብ የሚሞክር ሁሉ ሥራው እስኪያልቅ ይታገዳል። ቆጠራ ላይ ነን ብሎ በሩን እንደዘጋ ሱቅ ነው። አንባቢው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው። ቀጣዩን መመሪያ ከፍላሽ ነው የሚያመጣው። ኢንተራፕት ሲመጣም መጀመሪያ የሚያደርገው ቬክተር ቴብሉን (የየኢንተራፕቱ ፈንክሽን የት እንዳለ የሚናገረውን የአድራሻ ሰንጠረዥ) ማንበብ ነው፤ እሱም ፍላሽ ላይ ነው። የኢንተራፕቱ ፈንክሽንም ያው ፍላሽ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ፐልሶቹ ይመጣሉ፣ ግን ለአንድ መስመር ያለችው የመጠባበቂያ ምልክት አንዲት ብቻ ናት። አንድ ፐልስም ይምጣ አምስት፣ በሩ ሲከፈት እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) አንድ ገጽ ለመደምሰስ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይላል። ስምንት ገጽ ከ160 እስከ 320 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ማሽኑ 1 ሊትር በ5 ሰከንድ ገደማ ይሞላል፤ በሰከንድ 90 ፐልስ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ14 እስከ 29 ፐልስ ይመጣል። በየገጹ መሀል በሩ ለአፍታ ስለሚከፈት ስምንቱ ይቆጠራሉ፤ የቀሩት ከ6 እስከ 21 የሚሆኑት ይጠፋሉ። በሚሊ ሊትር ከ14 እስከ 46 ገደማ። ለ1 ሊትር ጠርሙስ አንገት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ደብተሩ ላይ አንዴ 2,048 የዘለለውም ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ሌላው አፍ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው፤ የሚፈስ ነገር ከሌለ የሚጠፋ ፐልስም የለም።

ይህ ሁሉ ግን ገና ወረቀት ላይ ነው። ማሽኑ ላይ እጅ ከመጫን በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ከሁሉም ይልቅ የሚያስተማምነው መንገድ ያንኑ ኮድ በሁለት መልክ መገንባት ነው፤ አንዱ ከፍላሽ የሚሠራ፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ከራም የሚሠራ። ጥፋተኛው በእርግጥ ፍላሹ ከሆነ ሁለተኛው ችግሩን ማሳየት የለበትም።

ዋናው ፕሮግራም ከነላይብረሪው (ተዘጋጅቶ ከሚገኘው ኮድ ጋር) 27 ኪሎ ባይት ስለሆነ ራም ውስጥ አይገባም። ቆጣሪውንና ደምሳሹን ብቻ የያዘ ትንሽ የሙከራ ፕሮጀክት ተሠራ። አይዲኢው (ኮድ የሚጻፍበት ሶፍትዌር) ላይ ሁለት የቢልድ (የግንባታ) ምርጫ ተከፈተ፤ ልዩነታቸው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ሊንከር ስክሪፕቱ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ክፍል ሁሉ በየትኛው አድራሻ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፋይል፣ ነው። በራም ቢልዱ ላይ ኮዱም፣ ቋሚ መረጃውም፣ ተለዋዋጩም ሁሉ ከ20000000 ጀምሮ ባለው ቦታ ይደረደራል፤ ለስታክ (ፕሮሰሰሩ ለጊዜው ማስታወሻ ለሚይዝበት ቦታ) የሚሆን ደግሞ ጫፍ ላይ ይተዋል። ሁለተኛው ቬክተር ቴብሉ ነው። ፕሮሰሰሩ ቴብሉን የት እንደሚፈልግ የሚነግረው ቪቶር የተባለው ሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ የቁጥር መያዣ) ነው። በዚህ የቺፕ ቤተሰብ የሲስተም ፋይል ውስጥ ቴብሉን ወደ ራም የሚያዞር አንድ ማክሮ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ እሱን መክፈት ይበቃል። ሦስተኛው ዲባገሩ (ከኮምፒውተር ሆኖ ቺፑን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ነው። ፕሮግራሙን ራም ላይ ከጫነ በኋላ የቴብሉን የመጀመሪያ ቃል ስታክ ፖይንተር ላይ፣ ሁለተኛውን ቃል ፕሮግራም ካውንተር (የቀጣዩን መመሪያ አድራሻ የሚይዘው ሬጅስተር) ላይ እንዲያስቀምጥ ይታዘዛል።

ይህን ሦስተኛውን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ከዚያ ሪሴት ይጫኑና አሮጌው ፕሮግራም ሲነሳ ዓይናቸውን ማመን ያቅታቸዋል። ሪሴት የቡት ፒኖቹን ነው የሚያየው። ቡት 0 ዝቅ ካለ ቺፑ ከፍላሽ ይነሳል፣ ራም ላይ የጫኑትን ዞር ብሎም አያየው። ቡት 0ም ቡት 1ም ከፍ ካሉ ከራም ይነሳል። ብሉ ፒል ላይ ለሁለቱም ጃምፐር (ተነቃይ ማገናኛ) አለ። ለሙከራ ግን ጃምፐር ከመነካካት የዲባገሩ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላ ቦርድ በሰከንድ 1,000 ፐልስ እንዲሰጥ ተደረገ። የኢንተራፕቱ ፈንክሽን በገባ ቁጥር አንድ ፒን ይገለብጣል። ፒኑ ላይ ባለ 8 መስመሩ ርካሹ ሎጂክ አናላይዘር (የፒን መብራትና መጥፋት በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ተሰካ። በፍላሽ ቢልዱ የታየው ምስል እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። መስመሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይሄድና ድንገት ይለሰልሳል። ስምንት ባዶ ክፍተት፤ በየሁለቱ ክፍተት መሀል ደግሞ አንዲት ቀጭን ምልክት። አንዷ ምልክት ያቺ ተጠባባቂ ፐልስ ናት። የራም ቢልዱ ሲጫን ያው ስምንት ገጽ እየተደመሰሰ መስመሩ አልተቋረጠም። ልጁ ስክሪኑን አየና «በቃ፣ ሁሉንም ራም ላይ እናድርገው!» አለ።

አይሆንም። ቦታው እንደማይበቃ አይተናል፤ 20 ኪሎ ባይቱ ውስጥ ስታኩና ተለዋዋጮቹም መኖር አለባቸው። ከዚያ በላይ ግን ራም መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። አዳማ ደግሞ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲሽከረከሩ እያየን መብራት የሚጠፋባት ከተማ ናት (የአንደኛው ማመንጫ አቅም 51፣ የሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት መሆኑን ሳስብ ሁሌ ፈገግ እላለሁ)። ከራም ብቻ የሚሠራ ማሽን መብራት በመጣ ቁጥር ዲባገር የሚሰካለት ሰው ይፈልጋል።

«ራም እኮ ይፈጥናል» የሚለውም ክርክር እዚህ ቺፕ ላይ እንደሚወራው አይደለም። እርግጥ 72 ሜጋ ኸርዝ ላይ ፍላሹ 2 ዌይት ስቴት (የመጠበቂያ ምት) አለው። ነገር ግን ቀድሞ የሚያመጣ በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) አለው፤ ኮርቴክስ ኤም3ም ከፍላሽ መመሪያ የሚያመጣበት የራሱ ባስ (የመረጃ መስመር) አለው። ከራም ሲሠራ ግን መመሪያውም መረጃውም በአንድ ሲስተም ባስ ይጋፋሉ። ስለዚህ ኮድን ወደ ራም መውሰድ ኤፍ103 ላይ ለፍጥነት ሲባል ብዙም አያዋጣም፤ ፍላሹ ሥራ ሲይዝ ላለመታገድ ነው የሚያዋጣው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወደ ራም የማያስኬዱ መንገዶችም ነበሩ፣ አንዳንዶቹም ጥሩ ናቸው። የሰዓት ሞጁል ገዝቶ እሱ ላይ ያለውን 4 ኪሎ ባይት ኢኢፕሮም መጠቀም ይቻላል። ፐልሱን ታይመር ፒን (ከቺፑ የራሱ ቆጣሪ ጋር የተያያዘ ፒን) ላይ አስገብቶ ሃርድዌሩ ራሱ እንዲቆጥር ማድረግ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን ሳጥኑ የበረኪና ትነት እንዳይገባበት በሲሊኮን ታሽጓል። ውጭ የቀረው የፕሮግራም መጫኛው ሶኬት ብቻ ነው። ሴንሰሮቹም የተሰኩት ለዚህ በማይሆን ፒን ላይ ነው። ባለቤቷም «ማሽኑን ፈታታችሁ ሳምንት እንዳታቆሙብኝ» ብለዋል። መፍትሔው በሶፍትዌር ብቻ መሆን ነበረበት።

የመጀመሪያው ሥራ ስምንቱን ገጽ በአንዴ መደምሰስን መተው ነው። ገጾቹ በክብ ይዞራሉ፤ አንዱ ሲሞላ ቀጣዩ አንድ ገጽ ብቻ ይደመሰሳል። ይህ ለብቻውም ትልቅ ለውጥ ነው። ትርፉ ወደ 6 ሚሊ ሊትር ይወርዳል፤ ጠርሙስ አይፈስም። ሌላም ጥቅም አለው። በድሮው አሠራር ስምንቱ እየተደመሰሱ መብራት ቢጠፋ ጠቅላላ ቁጥሩ ጠፍቶ ይቀር ነበር። አሁን የቀድሞው ገጽ ሁሌ በቦታው አለ። የፍላሹ ዕድሜም አያሳስብም፤ 10,000 ጊዜ መደምሰስ የሚችል ገጽ በየ1,024 ጠርሙሱ አንዴ ቢደመሰስ ከ10 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ብዙ ሰው ያቆማል፣ አልፈርድበትም። ግን ባለቤቷ ፓምፑን በጠንካራ ለመቀየር አስበዋል። ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር ያቺ 6 ሚሊ ሊትር ታድጋለች። የተደበቀ ችግር ደግሞ ተመልሶ ሲመጣ እንዲህ ያለ ደብተር የያዘ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ፍላሹ ሲደመሰስ ነቅቶ መቆየት ያለበትን ኮድ፣ እሱን ብቻ፣ ወደ ራም ለመውሰድ ተስማማን።

የሚነቃው ምን ምን ነው? ቬክተር ቴብሉ፣ የፐልሱ ኢንተራፕት ፈንክሽን፣ እና ገጹን ደምስሶ እስኪያልቅ የሚጠብቀው ፈንክሽን። ደምሳሹ ራም ላይ ካልሆነ ዋናው ሉፕ ትእዛዙን ሰጥቶ ቀጣዩን መመሪያ ከፍላሽ ሊያነብ ሲል ይደርቃል፤ ያኔ ኢንተራፕቱ ራም ላይ መሆኑ ዋጋ አይኖረውም።

አሠራሩ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። ለእነዚህ ፈንክሽኖች የራሳቸው ሴክሽን (የፕሮግራም ክፍል) ስም ይሰጣቸዋል። ሊንከር ስክሪፕቱ ላይ ያ ሴክሽን ዳታ ሴክሽኑ ውስጥ ይገባል። ዳታ ሴክሽን ሁለት አድራሻ አለው፤ የሚቀመጥበት ፍላሽ ላይ ነው፣ የሚሠራበት ራም ላይ። ማሽኑ ሲበራ ስታርትአፕ ኮዱ ዋናው ፈንክሽን ከመጀመሩ በፊት ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጠዋል። ተለዋዋጮች የመነሻ ዋጋቸውን የሚያገኙትም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮዱ በራሱ ወደ ራም ይመለሳል፤ ዲባገር የሚሰካ ሰው አያስፈልግም።

ቬክተር ቴብሉ 16 የኮሩና 43 የቺፑ መግቢያዎች አሉት፤ 59 በ4 ሲባዛ 236 ባይት። አድራሻው ግን የቺፑ አምራች ሰነድ እንደሚለው በ512 ባይት መስመር ላይ ማረፍ፣ ማለትም ለ512 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። ይህን የረሳ ሰው ቪቶር ላይ የጻፈው አድራሻና ፕሮሰሰሩ የሚያነበው አድራሻ ይለያዩበታል። ከዚያ የመጀመሪያው ኢንተራፕት ፕሮግራሙን ይዞት ገደል ይገባል።

ሁለት ጥቃቅን ነገር። ደምሳሹ ፈንክሽን ላይ ኖኢንላይን የሚለውን ምልክት ማድረግ ግድ ነው። አለበለዚያ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን መመሪያ የሚቀይረው ፕሮግራም) «አንድ ቦታ ብቻ ነው የተጠራው» ብሎ ጠሪው ውስጥ ያስገባዋል፤ ጠሪው ያለው ደግሞ ፍላሽ ላይ ነው። ርቀቱም አለ። ከፍላሽ ወደ ራም 384 ሜጋ ባይት ነው፣ የተለመደው የመጥሪያ መመሪያ ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም 16 ሜጋ ባይት ብቻ ይደርሳል። የዛሬ ሊንከሮች መሀል ላይ መሸጋገሪያ ኮድ ራሳቸው ያስገባሉ። ግን መሸጋገሪያው የተቀመጠው የት እንደሆነ ማፕ ፋይሉ (ሊንከሩ የሁሉን ነገር አድራሻ የሚዘረዝርበት ፋይል) ላይ ማየት አይጎዳም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አናላይዘሩ ላይ ሲታይ ክፍተቱ እንዳለ ነው። ቁራጭ ታህል አልተለወጠም።

ማፕ ፋይሉ ተከፈተ። በ20 የሚጀምር አድራሻ ራም ነው፣ በ08 የሚጀምር ፍላሽ። ሦስቱም ነገሮች በ20 ይጀምራሉ። ነገር ግን የኢንተራፕቱ ፈንክሽን የመጀመሪያ ሥራው የላይብረሪውን የፒን ኢንተራፕት ፈንክሽን መጥራት ነበር። እሱ በ08 ይጀምራል። ቤቱን ራም ላይ ሠርቶ በሩን ፍላሽ ላይ እንደ መተው ያለ ነገር ብዬ ልጁን ሳቅሁበት። ላይብረሪው የሚያደርገው የመጠባበቂያዋን ምልክት ማጽዳት ብቻ ስለሆነ፣ በቀጥታ ሬጅስተሩ ላይ በአንድ መስመር ተተካ። ክፍተቱ አሁንም አለ።

ጊዜ የወሰደው ይሄኛው ነው። ከዚህ በኋላ ፈንክሽኑ ማንንም አይጠራም። በሲ ቋንቋ የተጻፈውን ኮድ መቶ ጊዜ ቢያነቡት ፍላሽ የሚነካ ነገር አይታይም። ስለዚህ ሲውን ትቶ ኮምፓይለሩ ያወጣውን መመሪያ ማንበብ ግድ ሆነ። በዚህ ፕሮሰሰር እያንዳንዱ ፈንክሽን ጅራቱ ላይ የሚጠቀምባቸውን አድራሻዎች ይደረድራል። አብዛኞቹ በ20 ይጀምራሉ፤ ተለዋዋጮች ናቸው። ሌሎቹ በ40 ይጀምራሉ፤ እንደ 40010800 ያሉ የፒን ሬጅስተሮች ናቸው። መሀላቸው አንዲት በ08 የምትጀምር ተቀምጣለች።

ምንጩ የጠርሙሱ መጠን ነበር። ማሽኑ አምስት መጠን ይሞላል፦ 250 ሚሊ፣ 500 ሚሊ፣ 1፣ 2 እና 5 ሊትር። ልጁ ለየመጠኑ የሚያስፈልገውን ፐልስ በስዊች (ለየምርጫው መልሱን በሚዘረዝር የኮድ አጻጻፍ) ነበር የጻፈው። ኮምፓይለሩ ብልጥ ነው። አምስቱም መልስ ቋሚ ቁጥር መሆኑን ሲያይ ስዊቹን አፍርሶ ትንሽ ሰንጠረዥ ይሠራል፤ ሰንጠረዡን ደግሞ ቋሚ መረጃ በሚቀመጥበት ሴክሽን ያኖረዋል። ያ ሴክሽን ፍላሽ ላይ ነው። ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ራሱ ያወጣለት ስም ስላለው ማፕ ፋይሉ ላይ የማያውቅ ሰው ዓይን አይገባም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጠኑ ሲመረጥ የፐልሱ ቁጥር አንዴ ተሰልቶ ተለዋዋጭ ላይ ይቀመጣል፣ ኢንተራፕቱ ያንን ያነባል። የኮምፓይለሩን ልማድ የሚከለክል ምርጫም አለ፣ ግን በዚህ ጉዳይ ኮዱን ማስተካከሉ ይሻል ነበር።

አንድ ቀረ። ሲስቲክ የሚባለው ሰዓት በየ1 ሚሊሰከንድ ኢንተራፕት ያነሳል፤ ፈንክሽኑ ፍላሽ ላይ ነው። ደምሳሹ ራም ላይ በሰላም እየጠበቀ ሳለ ሲስቲክ ይመጣል፣ ፕሮሰሰሩ ፈንክሽኑን ከፍላሽ ሊያነብ ይሄዳል፣ እዚያው ይደርቃል። የፐልሱ ኢንተራፕት ከፍተኛ ቅድሚያ ቢኖረውም አያድነውም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ የራሴን ኢንተራፕት ራም ላይ ካደረግሁ የሌሎቹ አይመለከተኝም ይላል። ይመለከታል። ፍላሽ ላይ ያለ አንድ ኢንተራፕት ሁሉንም ይዞ ይቆማል።

ኮርቴክስ ኤም3 ለዚህ ቤዝፕራይ የሚባል ሬጅስተር አለው። ከተወሰነ ቅድሚያ ጀምሮ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ይዘጋል። ደምሳሹ ሲጀምር ከፐልሱ በቀር ሁሉንም ይዘጋል፣ ሲጨርስ ይከፍታል። ሰዓቱ በገጽ እስከ 40 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ለመሙያ ማሽን ግን ይህ ምንም አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የላይብረሪው ደምሳሽ ጊዜ አለፈ አላለፈ የሚለውን የሚያየው ከዚሁ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከቆመ ጊዜው መቼም አያልፍም። ስለዚህ ደምሳሹ ሬጅስተሮቹን በቀጥታ የሚነካ አጭር ፈንክሽን ሆኖ እንደ አዲስ ተጻፈ።

ከዚያ በኋላ አናላይዘሩ ላይ መስመሩ ሳይቆረጥ ሄደ። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው ራም ከነቬክተር ቴብሉ ከ1 ኪሎ ባይት በታች ነው። አዲሱ ፕሮግራም በሶኬቱ በኩል ተጫነ፤ ሲሊኮኑ አልተነካም። ማሽኑ የመደምሰሻውን ቁጥር ሁለቱም አፍ ክፍት ሆኖ ደጋግሞ አለፈ፣ ጠርሙስ አልፈሰሰም።

ይህ ጠባይ የኤፍ103 ብቻ አይደለም። ኢኤስፒ32 በሚባለው ቺፕ ላይም ፍላሽ ሲጻፍ ኢንተራፕቱ ውስጠኛው ራም ላይ መሆን አለበት፤ አርፒ2040ም ፕሮግራሙን ከውጭ ፍላሽ ስለሚያነብ ያው ጣጣ አለበት፣ 264 ኪሎ ባይት ራም ስላለው ግን ቦታ አይጠብበትም። ፍላሻቸው ለሁለት የተከፈለና አንዱ ሲደመሰስ ከሌላው የሚነበብ ቺፖችም አሉ። ልጁ አሁን ለባለ አራት አፍ ማሽን ቦርድ እየሣለ ነው። እዚያ ላይ ፐልሱ ታይመር ፒን ላይ ይገባል፣ መዝገቡም ከቺፑ ውጭ ይሆናል።

ለአሮጌው ማሽን ግን አንድ ነገር ጨምረንበታል። ዛሬ ራም ላይ ያለ ፈንክሽን ነገ አንድ መስመር ሲጨመርበት ሳይታወቅ ፍላሽ ሊነካ ይችላል፤ ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቢልድ በኋላ የምትሠራ አጭር ስክሪፕት ተጻፈች። የተመረጡትን ፈንክሽኖች አድራሻ ከማፕ ፋይሉ ታወጣለች፣ ጅራታቸው ላይ ያሉትንም አድራሻዎች ታያለች። በ08 የሚጀምር ካገኘች ፋይሉ ማሽኑ ላይ ከመጫኑ በፊት ቢልዱ እዚያው ይወድቃል።